እሳትና ጭድ
እሳት እንዲቋቋሙ ታስበው ስለሚሠሩ ክር አዘል ፕላስቲኮች፥ የጎንደርን ቤት መነሻ በማድረግ የቀረበ ትችት

በአማርኛችን የማይስማሙ ሁለት ነገሮች «እሳትና ጭድ» ይባላሉ። ዳሩ ግን በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚኖረው ሰው፥ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ አቁሞ፥ ከዚያው ግድግዳ አጠገብ ምድጃውን ጎልቶ ለዘመናት ኖሯል። እሳቱና ጭዱ በአንድ ቤት እያደሩ፥ ቤቱ ሲቃጠል ግን እሳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከክዳኑ እንጂ ከግድግዳው አይደለም። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ መርምሮ መረዳት፥ ዛሬ «ኮምፖዚት» እየተባለ በሚጠራው ክር አዘል ፕላስቲክ ላይ ለሚመራመር ተማሪ ከብዙ የላቦራቶሪ ሠንጠረዥ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል ብለን እናምናለን።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በእንሰት ቃጫ፥ በሲሳል፥ በቀርከሃና በልዩ ልዩ የእርሻ ተረፈ ምርት ላይ የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በርክተዋል። ይህም የሚያስመሰግን ነው። ከውጭ የሚመጣውን የመስተዋት ክር በአገር ክር ለመተካት መጣር የሚነቀፍ ሐሳብ አይደለም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጽሑፎች በብዙዎቹ ዘንድ አንድ ልማድ እየሰፋ መጥቷል። ይኸውም «ዘላቂ»፥ «እሳትን የሚቋቋም» እና «ለቤት ሥራ ተስማሚ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በአንድነት ደርድሮ፥ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉበትን ቦታ ሳያሳዩ ማለፍ ነው። ይህ ትችት ልማዱን እንጂ ሰውን አይመለከትም፤ እኛም ራሳችን ከዚህ ልማድ ነጻ ነን አንልም።

የጭቃው ግድግዳ

ቤት ሠሪው በመጀመሪያ እንጨቱን ያቆማል፤ በማገር ያያይዛል። ከዚያም አፈር ቆፍሮ፥ ውሃ አፍስሶ፥ የጤፍ ጭድ ነስንሶ በእግሩ ይረግጣል። ጭቃው ለቀናት እንዲቦካ ይተወዋል፤ እየተመለሰም ይረግጠዋል፤ ሲበቃው ይመርገዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተዋሕደዋል። አንዱ ክሩ ነው፤ ሁለተኛው ክሩን አቅፎ የሚይዘው ነው። ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭዱ ብቻውን ሊቆም አይችልም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጭዱ ስንጥቁን ይገታል፤ ጭቃው ደግሞ ጭዱን በቦታው ያጸናል። የኮምፖዚት ሳይንስ መሠረቱ ይኸው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለውም ለዚህ ይስማማል፤ ድሩን የሚያስተባብረው ነገር ግን ምን እንደ ሆነ ምሳሌው አይነግረንም። የእኛም ጥያቄ እሱ ነው።

ነበልባል የጭቃውን ግድግዳ ሲነካው ምን ይሆናል? ጭቃው አይቃጠልም። በውስጡ የተቀበረው ጭድ ቢሞቅም ለመንደድ የሚበቃ አየር አያገኝም፤ ስለዚህ ጠቁሮ ከሰል ይሆናል እንጂ ነበልባል አያወጣም። እሳቱ ቢበረታ ጭቃው ራሱ እንደ ሸክላ ይተኮሳል። አደጋው የሚመጣው ምርጊቱ ተሰነጣጥቆ ወይም ረግፎ ነበልባሉ ማገሩን ሲያገኝ ነው። እንግዲህ በዚህ ግድግዳ እሳትና ጭድ የታረቁት፥ አስታራቂው የማይቃጠል ነገር ስለሆነ ነው።

አሁን የላቦራቶሪውን ሰሌዳ እንመልከት። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ክሩን አቅፎ የሚይዘው ጭቃ ሳይሆን ሙጫ ነው፤ ሙጫውም ብዙውን ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ፖሊስተር ወይም ኤፖክሲ ነው። ይህ ሙጫ ሲሞቅ ፈርሶ የሚነድ ጋዝ ያወጣል። ክሩም እንዲሁ ነው። በእፅዋት ክር ውስጥ ያለው ሄሚሴሉሎስ ከ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ፥ ሴሉሎሱም ከ315 እስከ 400 ዲግሪ ባለው መካከል ይፈርሳል። ስለዚህ የሚቃጠል ክር በሚቃጠል ሙጫ ተይዟል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስ ዓይነት ከሆነ፥ ክሩ እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ የቀለጠውን እየሳበ ለነበልባሉ ያቀብላል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም የእፅዋት ክር እንደ ተዳፈነ እሳት ውስጥ ለውስጥ ሊበላ ይችላል።

ሳይንቲስቶች ይህን የሚለኩበት አንድ ቀላል ቁጥር አለ። አንድ ቁስ ነድዶ እንዲዘልቅ በዙሪያው ባለው አየር ውስጥ ቢያንስ ስንት ከመቶ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል? የምንተነፍሰው አየር 21 ከመቶ ያህል ኦክሲጅን አለው። ተራ ፖሊስተር ከ18 እስከ 20፥ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 17 ወይም 18 ያህል ይበቃቸዋል። እነዚህ ቁሶች አንድ ጊዜ ከተያያዙ በተራ አየር ራሳቸውን ችለው ይነዳሉ ማለት ነው። ፌኖል ከሚባለው ኬሚካል የሚሠራው ሙጫ ግን ከ25 በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህም በባቡርና በአውሮፕላን ውስጥ ተመራጭ ሆኖ ኖሯል።

ለምን ለጎንደር?

«የጭቃው ግድግዳ ይህን ያህል ደህና ከሆነ፥ ስለ ፕላስቲክ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሳችን ፕላስቲኩ ከገባ ቆይቷል የሚል ነው።

ጎንደር እሳትን የምታውቅ ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቈሯት በኋላ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አቃጠሏት፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ገብተው አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከዚያ እሳት መትረፉን ሁሉም ያወራል። በዚያ ዘመን እሳቱ ቶሎ የሚይዘው ሣር ክዳኑን ነበር። የድንጋይና የኖራ ሥራ ግን ጸንቶ ቆይቶ ዛሬ ለዓይን የምናየው ሆነ። በስሜን ተራራ ብሔራዊ ፓርክ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የተነሣው ቃጠሎም የደረቀ የደጋ ሣር እሳት ሲያገኘው ምን እንደሚመስል አሳይቶናል።

ዛሬ በከተማው ሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተክቷል። ቆርቆሮ አይነድም። ነገር ግን ቆርቆሮ ሌሊት ብርድ፥ ቀን ሙቀት ስለሚያስገባ ኮርኒስ ያስፈልገዋል። አቅም ያለው በችፑድ ወይም በኮምፔንሳቶ ያሠራል፤ አቅም የሌለው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ ይወጥራል። ይህ ከረጢት የተሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን ነው። በ165 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ሲነድም እየተንጠባጠበ አልጋና ምንጣፍ ላይ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይበራል፤ መብራት ሲመጣም በኮርኒሱ ላይ የተዘረጋው ያረጀ ሽቦ ይሞቃል። እንግዲህ የቀድሞው የሣር ክዳን አደጋ በቆርቆሮ ሥር መልኩን ቀይሮ ተመለሰ ማለት ነው። በአዲስ አበባም በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት፥ ተጠጋግተው በተሠሩ ሱቆች መካከል እሳት እንዴት እንደሚሮጥ ለአገሩ ሁሉ አሳይቷል።

ስለዚህ ርካሽ፥ ቀላልና እሳት የማያባብስ የኮርኒስና የክፍል መለያ ሰሌዳ መሥራት ቅንጦት አይደለም። ትችታችንም ጥናቱ ይቅር የሚል ሳይሆን ጥናቱ ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቅ የሚል ነው። ብዙ ጽሑፎች የእፅዋት ክር ያለበትን ሰሌዳ የሚያወዳድሩት የመስተዋት ክር ካለበት ሰሌዳ ጋር ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖረው ቤተ ሰብ ግን ምርጫው በመስተዋት ክርና በሲሳል መካከል አይደለም። ምርጫው በከረጢትና በችፑድ፥ በጭቃና በብሎኬት መካከል ነው። ከእነዚህ ጋር ያልተወዳደረ ሰሌዳ ለቤት ተስማሚ መሆኑ አልተመረመረም።

«ዘላቂ» የሚለው ቃል

ቀላል ሒሳብ እናስላ። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰሌዳ ብንሠራ፥ 30 ኪሎው ቃጫ፥ 70 ኪሎው ፖሊስተር ይሁን። ይህ በጽሑፎቹ ውስጥ ከሚታየው የራቀ ሚዛን አይደለም። እንግዲህ «ዘላቂ» የተባለው ሰሌዳ ከክብደቱ ከሁለት እጅ በላይ የሚሆነው በዶላር ተገዝቶ በመርከብ የመጣ የነዳጅ ውጤት ነው። አሁን እሳት እንዲቋቋም እንፈልግና አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት እንጨምር። ይህ ዱቄት 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፈርሶ ከክብደቱ 35 ከመቶ ያህል ውሃ ይለቅቃል፤ ውሃው ተንኖ ሙቀቱን ይበላል፥ የሚነደውንም ጋዝ ያቀጥናል። መርዝ የለውም፤ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በትንሹ አይሠራም፤ ብዙውን ጊዜ የሰሌዳው ግማሽ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ መቶው ኪሎ 50 ኪሎ ዱቄት፥ 35 ኪሎ ፖሊስተርና 15 ኪሎ ቃጫ ይሆናል። 17 ኪሎ ያህል ውሃ ለእሳት ቀን ተቀምጦልናል፤ በዚያው መጠን ግን የአገሩ ክር በግማሽ ቀነሰ፥ ከውጭ የሚመጣው ከ70 ወደ 85 ከፍ አለ፥ ሰሌዳው ከበደ፥ የመጎተት ጥንካሬውም ደከመ።

ይህ ሒሳብ ጥናቱን ከንቱ አያደርገውም። የሚያስረዳው እሳት መከላከል፥ ጥንካሬና የአገር ምርት መሆን በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ መሆናቸውን ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። ተመራማሪው ይህን ሚዛን በግልጽ ካላሳየ፥ አንባቢው «ዘላቂ» የሚለውን ቃል እንደ ጌጥ ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ክሩ ምንጭ ነው። የጤፍ ጭድ በብዙ ጽሑፎች «የእርሻ ቆሻሻ» ተብሎ ይጠራል። ይህን የጻፈ ሰው በግንቦት ወር ወደ ደንቢያ ወይም ወደ ወገራ ቢወርድ ገበሬው ይስቅበታል። ጭድ የበጋ ወራት የከብት መኖ ነው፤ ገበሬው ከምሮ የሚጠብቀውና ዋጋ የሚቆርጥለት ሀብት ነው። ከላሟ አፍ ነጥቆ ኮርኒስ ማድረግ ዘላቂነት ሊባል አይችልም። እንሰትም ቢሆን በደቡብ የአገራችን ክፍል ለምግብና ለቃጫ የሚመረት ታላቅ ተክል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ተቀምጦ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን ለአውሮፓ አሳይቷል። ለጎንደር ሰው ግን «ኮባ» ይበልጡን የሚታወቀው ለዳቦ መጋገሪያ በሚሆነው ቅጠሉ ነው። ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በካሚዮን ከሚመጣ ቃጫ ይልቅ፥ በመተማ ቆላ ከአጨዳ በኋላ የሚቀረው የሰሊጥ አገዳ መጠናት ይገባዋል፤ ከብት እንደ ጭድ አይፈልገውምና።

ሦስተኛው ስለ ውሃ ነው። ክሩ ሙጫውን እንዲይዝ በኮስቲክ ሶዳ ይነከራል፤ ከዚያም በብዙ ውሃ ይታጠባል። የታጠበበት ውሃ የት እንደ ፈሰሰ የሚጽፍ ጥናት ግን እምብዛም አላጋጠመንም። የመጠጥ ውሃ እጥረት በሚታይባት ጎንደር፥ አንገረብና ቀሃ ወንዞች በሚወርዱባት ከተማ፥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሶዳው በአሲድ ካልተስተካከለ በስተቀር ወደ ወንዝ ሊለቀቅ አይገባውም፤ የማስተካከያውም ወጪ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

«እሳትን የሚቋቋም» የሚለው ቃል

በብዙ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደው ሙከራ ይህን ይመስላል። 12 ተኩል ሴንቲ ሜትር ርዝመትና የአውራ ጣት ስፋት ያላት ቅንጣቢ አግድም ትያዛለች፤ በጫፏ ነበልባል ይነካታል፤ በደቂቃ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ነደደች ይለካል። ቀስ ብላ ከነደደች «እሳትን ትቋቋማለች» ይባላል። ነገር ግን እሳት አግድም ሲሄድና ሽቅብ ሲወጣ አንድ አይደለም። ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ ራሱ ገና ያልነደደውን ክፍል እየላሰ ያሞቀዋል። ቤት ውስጥ ግድግዳ የቆመ ነው፤ ኮርኒስም ከነበልባል በላይ ነው። በጣም ደካማውን ሙከራ አልፎ በጣም ከባዱን ቦታ መያዝ አይቻልም።

ይህ የቃላት ጭቅጭቅ እንዳይመስል የለንደኑን ግሬንፌል ታወር እናስታውሳለን። ባለ 24 ፎቁ መኖሪያ ቤት በእድሳት ጊዜ በመካከላቸው ፖሊኤቲሊን ባለባቸው የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ተለብጦ ነበር። በሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ሌሊት በአንድ ወጥ ቤት የተነሣ እሳት በልባሱ ላይ ሽቅብ ሮጦ 72 ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣው የመጨረሻው የምርመራ ዘገባ፥ ከአምራቾች መካከል የሙከራ ውጤትን ሸሽገውና አዛብተው ገበያ ያሳሳቱ እንደ ነበሩ ገልጿል። በአዲስ አበባም በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ሕንፃዎች መካከል በአሉሚኒየም ሰሌዳ የተለበጡት ብዙ ናቸው። ሰሌዳው ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ በላቦራቶሪ የተጻፈች አንዲት ሐረግ ከጊዜ በኋላ በሰው ጣራ ላይ እንደምትወጣ ተማሪው ገና ሲጽፋት ሊያስብበት ይገባል።

ለአገራችን ልዩ የሆኑ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ደባርቅ ከ2,700 ሜትር ያልፋል። በጎንደር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ነበልባል በመጠኑ ይለዝባል። ስለዚህ በጎንደር ቀስ ብሎ የነደደ ሰሌዳ፥ ከ1,000 ሜትር በታች በሆነችው መተማ ወይም በጅቡቲ ወደብ ይበልጥ ሊፈጥን ይችላል። የሙከራው ቦታ ከፍታ ያልተጻፈበት ውጤት ሌላ ቦታ ከተገኘ ውጤት ጋር በቀጥታ ሊወዳደር አይገባውም።

ሁለተኛው ክረምት ነው። የእፅዋትን ክር ከእሳት ለመጠበቅ ከሚጠቅሙት ጨዎች አንዱ፥ ገበሬው «ዳፕ» ብሎ የሚያውቀው ዲአሞኒየም ፎስፌት ነው። ሲሞቅ ፎስፎሪክ አሲድ ይሰጣል፤ አሲዱም ሴሉሎሱ የሚነድ ጋዝ ከመሆን ይልቅ ወደ ከሰልና ወደ ውሃ እንዲለወጥ ያደርገዋል። ከረጢቱ ቤት ሲያቃጥል በውስጡ የነበረው ማዳበሪያ እሳት የሚገታ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጨው በውሃ ይሟሟል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣራው ሲያንጠባጥብ ጨው ታጥቦ ይወርዳል፤ በጥቅምት ሰሌዳው ተራ ሰሌዳ ይሆናል። በታኅሣሥ በደረቅ ላቦራቶሪ የተለካ ውጤት ስለ መስከረሙ ቤት አይመሰክርም። ማዳበሪያው ከማሳ ተነሥቶ ወደ ኮርኒስ መሄዱም እንደ ጭዱ ሁሉ ሒሳብ የሚጠይቅ ነው።

ስለ ጢስም አንድ ቃል እንጨምር። በእሳት አደጋ ሰውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ከነበልባሉ አስቀድሞ ጢሱ ነው። ብሮሚን ያለባቸው መከላከያዎች ነበልባልን ይገታሉ፤ ነገር ግን ከእነሱ አንዳንዶቹ በሰው አካልና በአፈር ውስጥ ስለሚከማቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት መርዞች መካከል ተመዝግበዋል፤ ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። ከዚህ የሚከብድ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 ሉድቪግ ሃቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ ከአስቤስቶስና ከሲሚንቶ ሰሌዳ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ክሩ አይነድም፥ ሲሚንቶውም አይነድም፤ እሳት ለመቋቋም ከዚህ የተሻለ የሚገኝ አይመስልም ነበር። የክሩ ብናኝ ግን የሠራተኞችን ሳንባ በካንሰር በላ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2005 ፈጽሞ ከለከለው። እሳት መቋቋም ብቻውን ለመልካም ቁስ ማረጋገጫ እንደማይሆን ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልግም።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ ዝም ማለት ተገቢ ስላልሆነ ሐሳባችንን እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ችግሩ ከክሩ ይልቅ በአቃፊው ነገር ላይ ስለሆነ፥ ጥናቱ ከክር ወደ ሙጫ ይዙር። ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የሚገኘው ፉርፉራል ወደ ፉራን ሙጫ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም ሙጫ ከፖሊስተር በእጅጉ የተሻለ እሳትን ይቋቋማል። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በወንጂ፥ በኋላም በመተሐራ፥ በፊንጫና በጣና በለስ ስኳር ስንሠራ ገለባው ከእጃችን አልታጣም። የኬሚስትሪና የምሕንድስና ተማሪ አብረው ሊይዙት የሚገባ ርእስ ይህ ነው።

ሁለተኛ፥ የማይነዱ አቃፊዎች ይታሰቡ። ሸክላ አፈር፥ ኖራ፥ እንዲሁም ከተተኮሰ አፈርና ከአልካላይ የሚሠራው «ጂኦፖሊመር» አሉ። እዚህም ላይ ግን የዋህነት አይስፈልግም። ኖራና ሲሚንቶ ያላቸው አልካላይ የእፅዋትን ክር በጊዜ ብዛት ያደክመዋል፤ ጭቃው ግን አያደክመውም። አባቶቻችን ጭዱን ከጭቃ ጋር እንጂ ከኖራ ጋር አለማቡካታቸው ዕውቀት ይሁን አጋጣሚ፥ ውጤቱ መልካም ነበር። በሌላ በኩል ጭቃ ከባድ ነው፤ ለኮርኒስ በቀላሉ አይሆንም። ስለዚህ ቀላል ክብደት ያለው፥ በሸክላ የተያዘ የአገዳ ሰሌዳ መሥራት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ይህ ላቦራቶሪን የሚያስጨንቅ እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፥ ሙከራው ይስተካከል። በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ላይ የሙቀቱን ፍጥነት የሚለካው ኮን ካሎሪሜትር የተባለው መሣሪያ ውድ ነው፤ በየኮሌጁ ይኑር አንልም። ግን በብሎኬት የተሠራ ትንሽ ምድጃ፥ ጥቂት የሙቀት መለኪያ ሽቦዎችና ሰዓት ካሉ ብዙ መማር ይቻላል። በአንድ ዓይነት እሳት ላይ የጭቃ ምርጊት፥ ችፑድ፥ የከረጢት ኮርኒስና አዲሱ ሰሌዳ በየተራ ይቁሙ። ነበልባል በስንት ደቂቃ ያዛቸው? ጀርባቸው በስንት ደቂቃ ጋለ? ተንጠባጠቡ ወይ? ነበልባሉ ከተነሣ በኋላ ውስጥ ለውስጥ በሉ ወይ? ግማሾቹ ቁራጮች አስቀድመው አንድ ክረምት በደጅ ይደሩ። የቦታው ከፍታና የዕለቱ እርጥበት ይጻፍ።

አራተኛ፥ እያንዳንዱ ጽሑፍ ስለ ሰሌዳው አንድ አጭር ሠንጠረዥ ያውጣ፤ በመቶ ኪሎ ውስጥ ስንት ኪሎው ከየት መጣ፥ ስንት ውሃ ፈጀ፥ ለሌላ ጥቅም ይውል የነበረ ምን ተወሰደ፥ ሰሌዳው ሲያረጅስ ወዴት ይጣላል? የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ ወደ አፈር ይመለሳል፤ በድጋሚም ይቦካል። ቃጫና ፖሊስተር የተዋሐዱበት ሰሌዳ ግን አይበሰብስም፥ ቀልጦም ሌላ ዕቃ አይሆንም፤ መጨረሻው መቃጠል ከሆነ ያንጊዜ እሳቱን የምንፈልገው እኛው ነን።

እነዚህን አራት ነገሮች ያሟላ ጽሑፍ ውጤቱ «ሰሌዳው አልተሳካም» የሚል ቢሆንም እንኳ፥ በቃላት አጊጦ ከተሳካው ይልቅ ይጠቅመናል። ያልተሳካ ሙከራ በሐቅ ሲጻፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ተማሪ ዓመት ያተርፍለታል። ያልተፈተነ «እሳትን የሚቋቋም» ግን ተከራዩ ልጆቹን በሥሩ አስተኝቶ፥ ሻማውን ሳያጠፋ እንቅልፍ በወሰደው ሌሊት ይፈተናል። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ አንብበው የሳትነውን እንዲያርሙን፥ የተስማሙበትንም በሚቀጥለው ሥራቸው ላይ እንዲያውሉት እንለምናለን።